ተዘክሮተ እግዚአብሔር በዕለት ተግባር መካከል

እግዚአብሔር በባሕርዩ በሁሉ የመላ ነው፤ እርሱ የሌለበት ቦታ፥ እርሱ የማይገኝበት ሰዓት የለም። ሊቃውንት ምሉእ በኵለሄ ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ምእመናን በየጊዜው «እግዚአብሔር ቀረበኝ»፥ «እግዚአብሔር ራቀኝ» እያሉ የሚናገሩት ምን ማለታቸው ነው? በሁሉ የመላ አምላክ ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል ሊባል አይቻልምና፥ መቅረብና መራቅ የሚነገረው ስለ እኛ ሕሊና እንጂ ስለ እርሱ ባሕርይ አለመሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይገባል። የሚርቀውም የሚመለሰውም የሰው አሳብ ነው።

ይህን በአገራችን ምሳሌ ለማስረዳት በምዕራብ ጎጃም በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ማሰብ ይበቃል። ጻድቁ አቡነ ዘርአ ብሩክ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዚያ ውኃ አደራ ሰጥተው፥ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ፊደል ሳትረጥብ እንደ ተቀበሉ በገድላቸው ይነገራል። ስለዚህም ምእመናን ከሩቅ አገር ተነሥተው፥ እህል ሳይቀምሱ ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፤ ጠበሉን ቀድተው በጀርባቸው ተሸክመው ለታመመ ዘመድ ይወስዳሉ። ከዚያው ምንጭ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እረኛው ከብቱን እየነዳ ያንኑ ውኃ ይሻገራል፤ ሲጠማው ጎንበስ ብሎ ይጠጣል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አይጠይቅም። ውኃው አንድ ነው። ተሳላሚው አውቆ ጠጣ፤ እረኛው ሳያስብ ጠጣ። ይህን ማለታችን እረኛውን ለመናቅ አይደለም፤ ልቡ ከተሳላሚው ይልቅ የነጻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኛ ሁላችን የምንተነፍሰውን እስትንፋስ፥ የምንቆርሰውን እንጀራ ከአንዱ ምንጭ እየተቀበልን፥ ቀኑን ሙሉ ሳንጠይቅ የምናልፍ ነን። በሥራ ላይ ያለ ክርስቲያን ሥራውን ሳይተው ከየት እንደሚጠጣ እንዴት ሊያስብ እንደሚችል፥ በዚህ ጽሑፍ በአቅማችን እንመለከታለን።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር የለዩአቸው ስሞች አሉ። ተዘክሮ ማለት እግዚአብሔርን፥ ሥራውንና ቸርነቱን በልብ ይዞ ማሰብ ነው። ተመሥጦ የተባለው መሠጠ ካለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መሠጠ ማለት ነጠቀ ማለት ስለ ሆነ፥ ሕሊና ከሚታየው ወደማይታየው ተነጥቆ መሄዱን ያመለክታል። ነጽሮት ደግሞ መመልከት ነው። በዛሬ ጊዜ ተመሥጦ የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ እንደ ፈቀደ ሲያደርገው ይሰማል፤ አንድ ሰው ፈዝዞ የተቀመጠ እንደ ሆነ «ተመሥጦ ላይ ነው» ይባላል። ሌሎችም አሳብን ሁሉ አስወጥቶ ሕሊናን ባዶ ማድረግ እንደ ሆነ አድርገው ያስተምሩታል። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን ሕሊና በእግዚአብሔር ስምና ሥራ ይሞላል እንጂ ባዶውን አይተውም። ተጠርጎ ባዶውን የተቀመጠ ቤት ማን እንደሚገባበት ጌታችን በወንጌል ያስተማረውን አንባቢ ያስታውሰዋል።

ስለዚህ ነገር አብዝተው ከጻፉት መካከል በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማር ይስሐቅና በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው አረጋዊ መንፈሳዊ ይገኛሉ። ሁለቱም በሶርያ ቋንቋ የጻፉ መነኮሳት ናቸው፤ መጻሕፍታቸውም ወደ ግእዝ ተመልሰው፥ ከፊልክስዩስ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው፥ በጉባኤ ቤት በአማርኛ አንድምታ ይተረጐማሉ። በዚሁ ጉባኤ አሥሩ የቅዱሳን መዓርጋት ይነገራሉ፤ ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፥ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፥ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የላይኛው ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ነው። ሕዝባችን ይህን ሲሰማ «ይህስ በዋሻ ለተቀመጠ፥ ለበቃ መነኵሴ ነው፤ እኔ ገበሬ ነኝ፤ እኔ ነጋዴ ነኝ» እያለ ወደ ኋላ ይላል። ላይኛው መዓርግ በምኞት አለመገኘቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጽማዌ፥ ልባዌ፥ ጣዕመ ዝማሬ ናቸው። ጽማዌ ከማይረባ ነገር ዝም ማለት ነው፤ ልባዌ የሰሙትንና ያነበቡትን ልብ ማለት ነው፤ ጣዕመ ዝማሬ የጸሎቱን ቃል በአፍ ከመድገም አልፎ በልብ ማጣጣም ነው። ዝም ማለት፥ ልብ ማለት፥ ማጣጣም ለገበሬ የተከለከለው በየትኛው ቀኖና ነው?

እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስን ብንመረምር እግዚአብሔር ለብዙዎች የተገለጠላቸው በሥራቸው ላይ ሳሉ ሆኖ እናገኘዋለን። ሙሴ የአማቱን የዮቶርን በጎች ይጠብቅ ነበር። ጌዴዎን ምድያማውያንን ፈርቶ በወይን መጭመቂያ ውስጥ ስንዴ ይወቃ ነበር። ኤልያስ መጐናጸፊያውን በላዩ በጣለበት ሰዓት ኤልሳዕ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር። ያዕቆብም ወንድሙን ሸሽቶ ሲሄድ በመንገድ ላይ መሸበት፤ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ፤ ሲነቃም እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ ሳለ እርሱ እንዳላወቀ ተናግሮ ፈራ። በዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር፥ እግዚአብሔር ወደዚያ ስፍራ የመጣው ያዕቆብ በተኛ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ቀድሞም በዚያ ነበረ፤ የተለወጠው የያዕቆብ ዕውቀት ነው። ኤልያስም በኮሬብ ተራራ ቆሞ ጽኑ ነፋስ፥ የምድር መናወጥ፥ እሳት በፊቱ አለፉ፤ ጌታ ግን በእነዚያ አልነበረም፤ ከሁሉ በኋላ በመጣው በቀጭኑ ድምፅ እንጂ። ጫጫታ በበዛበት ልብ ቀጭን ድምፅ አይሰማምና፥ ጽማዌ ከመዓርጋቱ ሁሉ ቀድማ የተቈጠረችበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ መንገድ በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ታወቀ ለካህናት መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ስለ ቅኔ ተማሪው ጥቂት መናገር ይገባል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል፤ በዛፍ ሥር ተቀምጦም ቅኔ ይቈጥራል። ከ2 ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ደረጃ በደረጃ እያደገ፥ ወደ 8 ቤት መወድስ ይደርሳል። ለሚያልፍ ሰው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከፍ ያለ ሥራ ይሠራል። የምስጥ ኵይሳ አይቶ፥ የንብ ቀፎ አይቶ፥ ከጭቃ ላይ የወደቀ አበባ አይቶ፥ «የዚህ ነገር ወርቁ ምንድር ነው?» ብሎ ይመረምራል። ይህ ሥርዓት ቋንቋን ብቻ የሚያስተምር ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይንንም ያስተምራል። የሚታየውን ሰም ይዞ የተሠወረውን ወርቅ መፈለግ የለመደ ሕሊና፥ ፍጥረትን አይቶ ወደ ፈጣሪ ለመሻገር ሩቅ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከአገራችን ትምህርት ቤቶች መካከል ለተመሥጦ የቅኔ ቤትን ያህል ሰውን የሚያዘጋጅ የለም።

ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ ላይ ጉድጓድ አለ። በእያንዳንዱ ነገር ወርቅ የሚያገኝ፥ የወርቁን ባለቤት ግን የማይፈልግ ባለ ቅኔ አይታጣም። ጉባኤው «ይበል!» ሲለው ልቡ በዚያ የሚያርፍ ሰው፥ ጆሮው ያንን ታላቅ ድምፅ ስለ ለመደ ቀጭኑን ድምፅ ለመስማት ይቸገራል። ስለዚህ የቅኔ መምህራን ለደቀ መዛሙርቶቻቸው፥ ከቈጠሩት ቅኔ መካከል አንዳንዱን ለማንም ሳይነግሩ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ እንዲያቀርቡት ቢመክሩአቸው መልካም ነበር።

ቅኔ ያልተማረው ገበሬ ደግሞ ሌላ ደጅ ተከፍቶለታል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፥ በቡሬ፥ ወደ ወምበርማም በሚወርደው አገር ጤፍና በቆሎ፥ ዳጉሳና በርበሬ የሚያመርተው ሕዝብ ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ በሬውን ጠምዶ ዕርፉን ከመጨበጡ በፊት ፊቱን ያማትባል። እናቲቱም ሊጡን በምጣዱ ላይ ከማዞርዋ በፊት በስመ አብ ትላለች። ምርቱ በአውድማ ተከምሮ ሳይሰፈር በላዩ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። እነዚህን ልማዶች ማንም ከመጽሐፍ አንብቦ አልተማራቸውም፤ ከአባቱና ከእናቱ እጅ ተቀበላቸው እንጂ። አንዳንድ የከተማ ሰዎች «ልማድ ብቻ ነው» ብለው ሲያቃልሉአቸው እንሰማለን። ልማድ ግን እንደ ገል ነው፤ ከጎረቤት ፍም የሚጫርበት ገል ከሌለ እሳቱ በምን ይመጣል? ባዶውን ገል ይዞ መመለስ የጫሪው ጥፋት ነው፤ ገሉ ምን አደረገ?

ቤተ ክርስቲያንም ለቀኑ ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርታለች፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት። ገበሬው እነዚህን ሁሉ ቆሞ እንዲያደርስ የሚያስገድደው የለም፤ ነገር ግን ሰዓቱን ከፀሐይ ያውቀዋል። ቀትር ሲሆን፥ ፀሐይ ከራሱ በላይ ስትቆም፥ በዚያች ሰዓት ጌታው በዕንጨት ላይ እንደ ተሰቀለ ማሰብ ስንት ጊዜ ይወስድበታል? በሬዎቹን ፈትቶ ቀንበሩን ከጫንቃቸው ሲያወርድ በእጁ ያለው ያው ዕንጨት ነው። በተሰዓት ጌታችን ነፍሱን በፈቃዱ ሰጠ፤ በሠርክ በመቃብር ዐረፈ፤ ገበሬውም በሠርክ ደክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ አድርጎ የሚያስብ ሰው ለሕማማቱ መታሰቢያ ሰሞነ ሕማማትን ብቻ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሰላምታችን እንመለስ፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። የአገራችን ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ የእግዚአብሔርን ስም ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ለመቍጠር የሞከረ ሰው አለን? «እንደምን አደራችሁ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የሚያጭዱ ሰዎችን ሲያልፍ «እግዜር ያበርታችሁ» ይላል። የታመመ ሲጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ»፥ ያዘነውን ሲያጽናና «እግዚአብሔር ያጥናህ»፥ የወለደችውን ሲጐበኝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ላበላው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሣል። እንዲህ ያለ ንግግር ያላቸው ሕዝቦች ብዙ አይመስሉኝም፤ አባቶቻችን ቋንቋውን ራሱን የጸሎት መጽሐፍ አድርገው ትተውልናል። ነገር ግን ስሙ ከአፍ ሲወጣ ልብ የት ነው? «ደኅና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ «ከብቱስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን»። በዚህ መካከል ስለ ልጁም ስለ ከብቱም አንድ ጊዜ ስንኳ ሳያመሰግን ሰላምታው ያልቃል።

ከዚህ የባሰም አለ። ነዳይ በደጅ ቆሞ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሲለምን፥ ባለ ቤቱ የሚሰጠው ነገር እያለው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ በሩን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የእግዚአብሔር ስም በዚያች ሰዓት የበር መዝጊያ ሆነ። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ ስለሚያሰናብት ሰው የጻፈው ይህንኑ ይነካል። በእውነት የሌለው ሰው እንዲህ ቢል ምርቃት ነው፤ ያለው ሰው ቢለው ግን ስሙን በከንቱ መጥራት እንዳይሆንበት ይፍራ።

ስለዚህ ለተመሥጦ አዲስ ነገር ከመፈለግ በፊት ይህን የተቀበልነውን ማደስ ይቀድማል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በፊት ለአንዲት እስትንፋስ ያህል ዝም ማለት፥ የተጠየቀውን ልጅ በልብ ማየት፥ ከዚያ በኋላ መናገር። ጽማዌም ልባዌም ጣዕመ ዝማሬም በዚህች አንዲት ሰላምታ ውስጥ ይገኛሉ። የቸኰለ ሰው እንኳ ይህን ያህል ጊዜ አያጣም።

ቡሬ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድና ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ በዚያ ይገናኛሉ። ገበያዋም ትልቅ ነው። እግዚአብሔርን የሚያስብ ሰው ከገበያ ይሸሻል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል፤ አሳቡ የሚፈተነው በዚያ ነውና። በርበሬውን ለሊት ውኃ አርከፍክፎ ሚዛን እንዲደፋ የሚያደርግ፥ ከላይ የነጣውን ጤፍ ከታች ድብልቁን የሚያደርግ ሰው፥ ጧት ውዳሴ ማርያም ደግሞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው እግዚአብሔርን በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ትቶት የመጣ መስሎታል። በሚዛኑ ምላስ ላይ የሚያይ ሌላ ዓይን እንዳለ ያሰበ ቀን ግን እጁ ይለወጣል። በእኔ ግምት፥ ተመሥጦው እውነተኛ መሆኑን ከዕንባው ይልቅ ከቁናው መለየት ይቀላል። ዕንባ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ አንብዕም ከመዓርጋቱ አንዱ ነው፤ ግን ዕንባ ከብዙ ነገር ይመጣል።

ይህንም የምናገረው በዛሬ ጊዜ ብዙ ወጣቶች የእግዚአብሔርን ቅርበት በስሜት ብቻ ሲመዝኑ ስለሚታዩ ነው። በዝማሬ ጊዜ ልባቸው ሲሞቅ «ዛሬ ጌታ ነበረ» ይላሉ፤ ሲቀዘቅዝ «ተለየን» ይላሉ። ሙቀቱ መልካም ነው፤ ለደካማ ሰው እንደ ስንቅ ይሰጣል። ሆኖም ስንቅን መንገድ ማድረግ አይገባም። ራእይና ድምፅ የሚፈልግማ ከዚህ የከፋ አደጋ አለበት። ማር ይስሐቅ የራሱን ኀጢአት ማየት የተሰጠውን ሰው መላእክትን ከሚያይ ሰው ያስበልጠዋል፤ ይህን የጻፈው ዘመኑን በጸሎት የፈጸመ መነኵሴ መሆኑን እናስብ።

ለእኛ ለካህናት ደግሞ የሚያስፈራ ነገር አለ። ሌላው ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚቀርበውን እኛ በየዕለቱ በእጃችን እንይዛለን። አናጢ ዕንጨቱን፥ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደሚለምድ፥ ካህንም ጽንሐሑንና መስቀሉን ይለምዳል። በቅዳሴ መካከል ልብ ወደ ላይ እንዲነሣ ሕዝቡን የምናዝዝበት ሰዓት አለ፤ በዚያች ሰዓት የአዛዡ ልብ ከእርሻው ወይም ከደመወዙ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ሕዝቡን ማን ይመራዋል? አንዳንድ አባቶች ወደ መቅደስ ከመግባታቸው በፊት በደጀ ሰላም ጥቂት ቆመው ዝም ይላሉ፤ ማንም ቢያናግራቸው አይመልሱም። ሕዝቡ ትዕቢት ይመስለዋል። ትዕቢት አይደለም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ፍኖተ ሰላም፥ ቀድሞ ውጀት ይባል የነበረው ከተማ፥ ስሙ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ቃሉም ካህኑ ዘካርያስ ልጁ ዮሐንስ በተወለደ ጊዜ በጸለየው ጸሎት ውስጥ ይገኛል። በዚያ ከተማ እሑድ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በጾመ ፍልሰታ፥ የእመቤታችን የጽንሰትዋ መታሰቢያ በሆነ ዕለት፥ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ በሱባኤ ላይ ነበረ። ከዚያ ወዲህም በጎጃም ምድር የብዙ ቤት በር በኀዘን ተዘግቷል። እንግዲህ በሰላምታና በእርሻ፥ በምጣድና በገበያ እግዚአብሔር ቅርብ ነው ብለን ስናስተምር፥ ልጅዋን የቀበረች እናት «አባ፥ በዚያች ሰዓትስ የት ነበረ?» ብትለን ምን እንመልሳለን?

በመጀመሪያ፥ ይህን ጥያቄ የጠየቀውን ሰው መገሠጽ አይገባም። ማርታም ማርያምም፥ ጌታ በዚያ ኖሮ ቢሆን ወንድማቸው ባልሞተ እንደ ነበረ እየተናገሩ አለቀሱበት፤ እርሱ ግን አልተቈጣቸውም፤ ራሱም አለቀሰ። ከእነርሱ አንዲቱን እንኳ «እምነትሽ ጐደለ» ብሎ አላሳፈረም። ሁለተኛም፥ ቅርበት ማለት ክፉ ነገር አለመድረስ ማለት እንደ ሆነ አድርገን አስተምረን ከሆነ ትምህርቱን ማቅናት ያስፈልጋል። ለአምላክ ከእመቤታችን ይልቅ የቀረበ ማን ነው? ሰይፍ በነፍስዋ እንደሚያልፍ በስምዖን የተነገረላት እርስዋ ናት፤ ከመስቀሉ ሥርም የቆመችው እርስዋ ናት። ቀርባ ስለ ነበረች ኀዘኑ አልቀረላትም፤ ይልቁንም በቅርብ አየችው። ይህ የሞተውን ልጅ አይመልስም፤ የገደለውንም ከደም ዕዳ ነጻ አያወጣም። ለምን በዚያች ቀን፥ ለምን በእነዚያ ሰዎች ላይ ሆነ ለሚለው ከሰው ወገን መልስ የሚሰጥ የለም፤ መልስ አለኝ የሚል ካህን ቢኖርም ዝም ቢል ይሻለዋል።

የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያዎቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተናገሩም ነበር። የበደሉት ምክንያቱን ለማስረዳት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። የአገራችን ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጎረቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚናገረው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። አንዱ ውኃ ይቀዳል፤ አንዷ እንጀራ በመሶብ ተሸክማ ትመጣለች፤ ሌላው የኀዘንተኛውን ከብት ከከብቱ ጋር አሰማርቶ ይውላል። በዚያ ቤት ውስጥ ጸሎት ማድረግ ያቃታት፥ ስሙን መጥራት እንኳ የከበዳት እናት አለች። እርስዋ እግዚአብሔርን ማሰብ ባልቻለችበት ሰሞን ሌሎች ስለ እርስዋ ያስባሉ፤ ዳዊቱን ይደግሙላታል፤ ተዝካሩን ያወጡላታል። የእግዚአብሔር ቅርበት በዚያ ወራት የሚደርሳት በሰው እግር ተጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ወደ ገዳማት ለመሳለም ያልቻሉ ብዙዎች፥ በዚያው በመንደራቸው ይህን አግኝተዋል።

አሁን ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት እንናገር፤ ብዙዎች «ሕሊናዬ ይበተንብኛል፤ ምን ላድርግ?» እያሉ ስለሚጠይቁ ነው። የሰው ሕሊና እንደ ጥጃ ነው፤ ባላሰቡት ጊዜ ከመንጋው ወጥቶ ወደ እህል ይገባል። ብልህ እረኛ ጥጃውን በድንጋይ አይፈነክተውም፤ ሄዶ ይመልሰዋል። በቀን 100 ጊዜ ቢወጣ 100 ጊዜ ይመልሰዋል። አሳቡ ስለ ተበተነበት ተበሳጭቶ ጸሎቱን የሚተው ሰው፥ ጥጃው ስለ ወጣ መንጋውን ሁሉ ትቶ ወደ ቤቱ የሚገባውን እረኛ ይመስላል።

ማንበብ የማይችል ሰውም አይቸገር። በሬ ቀን በመስክ ላይ ፈጥኖ ይግጣል፤ ማታ በበረት ተኝቶ ያመሰኳል። ምእመንም እሑድ በቅዳሴ ከተነበበው ወንጌል አንድ ነገር ይዞ ይመለስ፤ ሁሉንም ለመያዝ አይድከም። የዘሪውን ምሳሌ ሰምቶ እንደ ሆነ፥ ሰኞ ሲዘራ ያመስኳው፤ ማክሰኞ በመንገድ ዳር የወደቀውን ዘር ወፍ ሲለቅመው ሲያይ ያመስኳው። እናቲቱም የእርሾውን ምሳሌ ሰምታ እንደ ሆነ ሊጡ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ አላት። እንዲህ ሲያደርጉ ሳምንቱ አልቆ ሌላ ወንጌል ይነበባል።

ዛሬ ብዙ ሰው፥ በገጠርም ቢሆን፥ ዓይኑን እንደ ገለጠ እጁን ወደ ስልኩ ይዘረጋል። ያን ከማድረጉ በፊት አማትቦ፥ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚለውን ጸሎት በመቍጠሪያው 41 ጊዜ ቢደግም፥ አሳቡ የመጀመሪያውን መንገድ ወደ እግዚአብሔር ይይዛል። ወሬው ከዚያ በኋላም አይጠፋም።

«ለእንዲህ ያለው ማሰብ ስንት ጊዜ እንመድብ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ለመነኵሴ ሌላ ልክ አለው፤ እርሱ አበ ምኔቱን ይጠይቅ። ለባለ ትዳር ግን ጀበናው ከተጣደበት ሰዓት ጀምሮ ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ በዚያም ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዝም እንዲል ልጆቹን ማስለመድ ነው።